እርሾውን ማን ደፋው? ሌኒን፣ ቦግዳኖቭ እና የዓለም ባህል

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን። ወደ ሞስኮ ከመሄዳችን በፊት ወደ ጓዳ ጎራ እንበል። እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ ካለፈው ሊጥ ላይ የጠለለውን ቢጫ ውሃ፣ እርሾውን፣ አስቀምጠው በአዲሱ ላይ ይጨምሩታል። ጤፉ አዲስ ነው፤ ውሃው አዲስ ነው፤ የሚያቦካው ግን አሮጌው ነው። «ያለ እርሾስ አይቦካም ወይ?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ይቦካል፤ ነገር ግን ቀን ይፈጃል፣ ጣዕሙም እንደ ዕድል ነው። እርሾዋን ደፍታ ቡሃቃዋን ያጠበች አዲስ ሙሽራ ጎረቤት ደጅ መቆሟ አይቀርም። ምሳሌውን እንዳበዛሁት አውቃለሁ፤ አብዮት የቀደመውን ባህል ይጣል ወይስ ይያዝ የሚለው የዛሬው ክርክር ግን ያለው እዚያው ቡሃቃ ውስጥ ነው።

በማርክሲዝም መሠረትና ላዕላይ መዋቅር የሚባሉትን፣ ማለትም ኢኮኖሚውንና በላዩ የሚቆሙትን እንደ ባህል ያሉ ነገሮች፣ በተመለከተ ንድፈ ሐሳቡን በአጭሩ ልለፈው፤ ባህል በኢኮኖሚው መሠረት ላይ ይቆማል፣ መሠረቱ ሲለወጥም ይለወጣል። ታዲያ መሠረቱ በአብዮት ሲናድ የቀደመው ሥዕል፣ ሙዚቃና ሳይንስ አብሮ ይቀበራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1917 በሩሲያ የተቋቋመው የላብአደር ባህል ማኅበር፣ ፕሮሌትኩልት፣ ላብአደሩ የራሱን ባህል በራሱ ማኅበር ይፍጠር ባይ ነበር። (ላብአደር ልበል ወይስ ወዝአደር? በእኛ አብዮት ዘመን ድርጅቶች ተነታርከውበታልና በአስተያየት መስጫው እንዳትጨርሱኝ።) የሩሲያ አብዮት መሪ ሌኒን ግን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1920 በኮሙኒስት ወጣቶች ማኅበር ሦስተኛ ጉባኤ ላይ ቀርቦ፣ የላብአደሩ ባህል ከየትም ዱብ የሚል ሳይሆን የሰው ልጅ በካፒታሊስቱና በባላባቱ ቀንበር ሥር ሆኖ ካካበተው ዕውቀት የሚበቅል መሆኑን ተናገረ።

ባለፈው ክፍል ብዙዎቻችሁ ስለ ፕሮሌትኩልት ዋና አሳቢ ስለ አሌክሳንደር ቦግዳኖቭ፣ «ቦግዳኖቭ ሁሉንም እናቃጥል ብሎ የለም ወይ?» ብላችሁ ስለጻፋችሁልኝ እዚህ ላይ ለመቆም ተገድጃለሁ። ኪሪሎቭ የሚባል የላብአደር ገጣሚ ስለ ነገ ሲባል የጥንቱን ጣሊያናዊ ሠዓሊ የራፋኤልን ሥዕሎች እናቃጥላለን ብሎ በግጥም መዛቱ እውነት ነው። ቦግዳኖቭ ግን የቀደመው ጥበብ በላብአደሩ ዓይን ተመርምሮ ዳግም ይነበብ አለ እንጂ ይጥፋ አላለም። የፕሮሌትኩልት ወዳጅ የነበረው የትምህርት ኮሚሳሩ (ሚኒስትሩ) ሉናቻርስኪማ፣ በ1917ቱ የአብዮት ውጊያ የሞስኮው የቅዱስ ባስልዮስ ካቴድራል በመድፍ ፈረሰ የሚል ወሬ ሲደርሰው ሥልጣኔን ለቅቄአለሁ ብሎ አስታውቆ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመልሷል። እርሾ ሊደፋ የተነሣ ሰው ለአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሲል ሥራ ይለቃል?

በእኔ አስተያየት ጠቡ እርሾው ይደፋ አይደፋ ሳይሆን፣ ቡሃቃው በማን እጅ ይሁን የሚል ነበር። ፕሮሌትኩልት ከመንግሥትም ከፓርቲም ተለይቶ ራሱን ችሎ መቆም ሲፈልግ፣ በ1909 ቦግዳኖቭን ከቦልሼቪኮች (ከሌኒን የፖለቲካ ቡድን) አመራር ያስወጣው ሌኒን፣ በዚያው ኦክቶበር ወር ባረቀቀው የውሳኔ ሐሳብ ማኅበሩ በትምህርት ኮሚሳሪያቱ ሥር እንዲጠቃለል ጠየቀ፤ እንደ ጠየቀውም ሆነ። ስለ ቅርሱ ያቀረበው ክርክር ያሳምነኛል፤ በዚያው ክርክር ጀርባ ማኅበሩን መጠቅለሉን ግን አልወድለትም።

ሐኪም የነበረው ቦግዳኖቭ ፊቱን ወደ ደም አዞረ። በ1926 ሞስኮ ላይ ደም የመስጠትና የመለዋወጥ ምርምር የሚካሄድበትን ተቋም መሠረተ፤ በ1928 ከአንድ ወጣት ተማሪ ጋር ደም ተለዋውጦ ሞተ፣ ተማሪው ግን ዳነ። ይህን ታሪክ በሚቀጥለው ክፍል በሰፊው ስለምናየው ሰብስክራይብ ማድረጉን አትርሱ።