ቀነሰ ሲሉን ማን አስመዘገበ እንበል

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

የጋበዛችሁኝ የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) በየዓመቱ የሚያወጣውን የወንጀል ቁጥር እንዳስረዳ ነው። አስረዳለሁ፤ ሆዴ ውስጥ የከረመውን ግን አስቀድማለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ታክሲ ነጂ ወንድማችን አንድ ሌሊት ሁለት ተሳፋሪ ጫነ። መድረሻቸው ሲቃረብ ማጅራቱ ላይ ሽጉጥ ደግነው የቀን ገቢውን፣ ስልኩን፣ የጋብቻ ቀለበቱን ሳይቀር ወሰዱበት። «ፖሊስ ጠራህ ወይ?» ስለው፣ «ምን ሊያደርጉልኝ? እንግሊዝኛዬ ሲንተባተብ ጥፋተኛው እኔ እመስላለሁ፤ ደግሞ ወረቀቴ ገና አላለቀም» አለኝ። ሚስቱ እንኳ የሰማችው ቀለበቱን ጣቱ ላይ አጥታ ስትቆጣው ነው። ከወራት በኋላ በአንድ የሰፈር ስብሰባ አንድ ኃላፊ ሰንጠረዥ ዘርግቶ «እናንተ አካባቢ ዝርፊያ ቀንሷል» አለን። ያ ወንድማችን አጠገቤ ነበር። አንገቱን ደፋ። ምኑ ነው የቀነሰው? ዘራፊው አልቀነሰ! የቀነሰው የተዘረፈው ሰው ድምፅ ነው!

የኤፍቢአይ ቁጥር የሚነግረን ፖሊስ ጋ ደርሶ የተመዘገበውን ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቤተሰቦችን እየጠየቀ የሚያካሂደው የተጎጂዎች ጥናት እንደሚያሳየው፣ በቅርብ ዓመታት ከኃይል ጥቃት መካከል ለፖሊስ የተነገረው ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ የግድያን ቁጥር ከሌላው ይበልጥ እመኑ፤ ሬሳ በቀላሉ አይደበቅም። የመኪና ስርቆትንም እመኑ፤ ለኢንሹራንስ ሲባል ሰው ፖሊስ ጋ ይሄዳል። ዝርፊያ፣ ድብደባ፣ አስገድዶ መድፈር ላይ ስትደርሱ ግን ቆም በሉ።

ሌላም አለ። በአገሪቱ 18 ሺህ ገደማ የፖሊስ ተቋማት አሉ፤ ለኤፍቢአይ እንዲልኩ የሚያስገድዳቸው የፌዴራል ሕግ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የአመዘጋገቡ ሥርዓት ሲቀየር ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስን የሚያህሉ ከተሞች ሳይልኩ ቀሩ። የዚያን ዓመት አሀዝ መዝዞ «አገሩ ነደደ» የሚለውንም፣ «ሰላም ወረደ» የሚለውንም የስንቱን ከተማ ቁጥር እንደያዘ ጠይቁት።

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ተናጋሪውን አልዘነጋም። ፖሊስ ጋ ስትሄዱ «አስተርጓሚ አቅርቡልኝ» ማለት ልመና አይደለም፣ መብታችሁ ነው! የመዝገቡን ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ። አስተርጓሚ የለም ተብሎ የተመለሰ ካለ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ዛሬውኑ በሩ ላይ ለቆሙት የኮሚቴው አባላት ይስጥ።