ጉዞው የሚበላሸው እዚሁ ባሕር ዳር ነው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የዛሬው ወሬያችን ስለ ኢየሩሳሌም ነው፤ በማኅበር ሆነው ለትንሣኤ ሊሳለሙ ለሚዘጋጁ። የቡድን ጉዞ ጎልጎታ ላይ ሲበላሽ አይቶ የሚያማርር ሰው ሞልቷል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን የሚበላሸው እዚያ አይደለም፤ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ገና ፎርም ሲሞላ ነው።

የጣና ገዳማትን መሳለም አንድ ነገር አስለምዶናል። ጠዋት ነጠላ አጣፍቶ ወደ ሐይቁ መውረድ፣ ጀልባው ሲሞላ መነሣት። የቀረ ካለ በሚቀጥለው ይመጣል። ኢየሩሳሌም ላይ ይሄ አይሠራም። አርባ ሰው በሚሄድበት ቡድን የአንዲት እናት ወረቀት ከተበላሸ ወይ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል፣ ወይ እሳቸው ብቻቸውን ይቀራሉ።

ትልቁ ጣጣ የልደት ቀን ነው። እማማ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ 1/9/1960 ተብሎ ተጽፏል እንበል። ግንቦት 1 ቀን 1960 ዓ.ም. ማለት ነው። ፎርም የሚሞላላቸው ልጅ ቁጥሩን እንዳለ ከገለበጠው፣ ፈረንጅ የሚያነበው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1960 ብሎ ነው። ትክክለኛው 9/5/1968 ነው፣ ሜይ 9። ቀኑም ወሩም ዓመቱም ሦስቱም ተለወጡ፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላያቸው ላይ ጨመርንባቸው ማለት ነው። ስለዚህ የቪዛ ፎርምም ትኬትም ሲሞላ መታወቂያውን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ብቻ ገልብጡ። ፓስፖርቱ ራሱ ከተሳሳተ ደግሞ ቪዛ ሳይጠየቅ በፊት ማሳረም ነው እንጂ ፎርሙ ላይ «ማስተካከል» አይሆንም።

ስምም እንዲሁ ነው። ወርቅነሽ የምትለዋ ስም በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ትጻፋለች። ለትኬት ቢሮ ስም በስልክ አታስይዙ፤ የፓስፖርቱን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ። እግረ መንገዳችሁን የሚያበቃበትን ቀን እዩ፣ እስራኤል ከሚገባበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ በረራ ቢሰረዝ ምን ያህሉ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። የአገሩ ጸጥታ ሲደፈርስ በረራ እንደሚቋረጥ ሁላችንም አይተናል።

አሁን ወደ አደራ ልምጣ። አንድ ሰው ኢየሩሳሌም ሊሄድ ነው ሲባል ቤቱ ይሞላል። አንዷ የሻማ ገንዘብ፣ አንዱ የስም ዝርዝር፣ እዚያ ዘመድ ያላት ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ በርበሬ ይዛ ትመጣለች። ወደ እስራኤል ሲበር የጥበቃ ሠራተኞች ከሚጠይቁት አንዱ «ዕቃህን ማን አሸገው? ሰው የላከው ነገር አለ?» የሚል ነው። «ጎረቤት ሰጠችኝ፣ ውስጡን አላየሁም» ካላችሁ ሻንጣው ተፈትቶ ይበረበራል። «የለም» ብሎ መዋሸት ደግሞ የባሰ ነው። ስም ተቀበሉ፣ የታሸገ ዕቃ አትቀበሉ። ስሙ የክርስትና ስም ይሁን፣ በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ብጣሽ ወረቀት ይጠፋል።

ቀጥሎ እግር። የእኛ ከተማ ሜዳ ነው፤ ባጃጅም አለ። አሮጌዋ ኢየሩሳሌም ጠባብ መንገዶች ውስጥ ግን አውቶቡስ አይገባም፣ ብዙው መንገድ ደረጃ ነው፣ ድንጋዩ በስንት ዘመን ተሳላሚ እግር ተልጎ መስታወት ሆኗል፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። የኢትዮጵያውያን ገዳም ዴር ሡልጣን ያለው የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ግቢው ሲወረድ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ቤተ መቅደሶች ውስጥ ይታለፋል፤ ደረጃው ጠባብ ነው፣ ጨለም ይላል፣ በሰሞነ ሕማማት ከኋላ የሚገፋ ሰው አይጠፋም። ለዚህ የሚሆን ልምምድ ዘጌ አለላችሁ። ከጀልባው ወርዳችሁ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣውን ድንጋያማ መንገድ፣ እዚያ የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ፣ ለሁለት ወር በየሳምንቱ ውጡት። አዲስ ጫማ ለበረራው ዕለት ማስቀመጥ ለእግር ቁስል መዘጋጀት ነው። ጉልበት የሚያማቸው ካሉም እዚያው ዘጌ ላይ ይታወቃሉ፤ ያኔ ማን ማንን እንደሚደግፍ ትመድባላችሁ።

ምግቡ ብዙ አያስጨንቅም። ዐቢይ ጾም ላይ ስለሆናችሁ ለሆቴሉ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ቁርሱ ዕንቁላልና አይብ ይበዛበታል። ሽምብራ፣ ሰሊጥ፣ ሰላጣና ዳቦ ግን በየቦታው አለ። ቆሎና በሶ ያዙ። ስኳር ያለበት ሰው ጾሙን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርስ፣ ኢንሱሊኑም የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ ከታች የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበታቸው ይገባል፤ እስከ ቅዳሜ ማታ አብዛኛው የከተማ አውቶቡስ ይቆማል። የዚያን ቀን ራቅ ያለ ጉዞ ካላችሁ መኪናው አስቀድሞ ይያዝ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የመግቢያ ወረቀት ከተሰጣችሁ ደግሞ አትጣሏት። ፓስፖርት ላይ ማኅተም ስለማይመቱ የመግባታችሁ ማስረጃ እሷ ናት።

የጥብርያዶስ ባሕር ላይ የጣና ልጅ ግራ ይገባዋል። «ባሕር» የተባለው 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የእኛው ሐይቅ ወደ 3,000 ይጠጋል። ከፍታውም ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ገደማ ነው፣ ከጣና ሁለት ሺህ ሜትር ዝቅ ያለ። ጋቢው ለኢየሩሳሌም ሌሊት ነው እንጂ እዚህ አይፈለግም።

ዮርዳኖስ ከዚህም ይወርዳል፤ መጠመቂያው ከባሕር ወለል በታች 400 ሜትር ገደማ ነው። ጠበሉን የምትቀዱበትን ጠርሙስ ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት፤ ከዚያ ጨመቅ አድርጋችሁ ውስጡ ያለውን አየር አስወጡና ዝጉት። ያለበለዚያ አየሩ ከፍታ ላይ ሲነፋ ክዳኑን ያላላዋል። ክዳኑን በፕላስተር እሰሩ፣ በሁለት ፌስታል አድርጉት፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። በነጠላው መሃል ግን አይሁን። የዮርዳኖስ ውሃ በክረምት እንደሚፈስ ዓባይ ደፍራሽ ነው፤ ከነጠላ ላይ አይለቅም።