ዘንገና ወይስ ጥርባ?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። የቆርቆሮው ድምፅ ከገባ ይቅርታ፤ ባህር ዳር ክረምት ነዋ!

ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር የምንጨቃጨቀው በአንድ ነገር ነው። ወደ አዊ ወጥተን በእግር ሐይቅ ዳር እንድረስ ተባብለናል። ግን የቱ ጋ? ዘንገና ወይስ ጥርባ? ሁለቱም የእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኙ ሐይቆች ናቸው። እናቴ "ጣና ደጃፋችሁ ላይ እያለ ምን ሐይቅ ፍለጋ ነው?" ትላለች። ጣናን እኮ የምናየው ቡና እየጠጣን ነው! እኔ ያማረኝ ብርድ ያለበት ውሃ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የአዊዋ ከተማ እንጅባራ ግን ከ2,500 ታልፋለች። እዚህ በቲሸርት በሚዋልበት ቀን እዚያ ጋቢ ያስፈልጋል።

ዘንገና ቀላል ነው። ከአዲስ አበባው አስፋልት ብዙም አይርቅም። ከመኪና ወርዳችሁ ዛፎቹን ካለፋችሁ ውሃው ከእግራችሁ ስር ነው። ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው ይባላል፤ ዋና እችላለሁ ብሎ መዝለል አይታሰብም። ያምራል፣ ግን የእግር ጉዞ የለውም። እኔ ደግሞ መሄዱን ነው የፈለግኩት።

ስለዚህ ጥርባ። አሁን ጥያቄው በየት በኩል? ስልክ ላይ ያለው ካርታ አቋራጩን ያሳያል፤ ጅረቱን ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እዚያው አገር ለሚኖረው ለአጎቴ ልጅ ደወልኩለት። "ጠዋት ጉልበትህ ድረስ ነው፤ ከሰዓት ደረትህ ድረስ ይሆናል" አለኝ። ክረምት ላይ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ስትሄዱ የዘለላችሁት ጅረት ስትመለሱ ወንዝ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እናም ሸንተረሩን ይዘን ልንሄድ ነው። ይረዝማል፣ ግን ውሃ አያሻግርም።

ሌላው ጣጣ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው። ገበሬው ለከሰል ይተክለዋል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ መሬቱ ላይ ጤፍ ይዘራና መልሶ ችግኙን ይተክላል። አምና ጫካ የነበረው ዘንድሮ ማሳ ነው። "ጫካው ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ" የሚባል ነገር አይሰራም። መንገድ የሚመራን የሰፈሩ ልጅ ይኖራል፤ ዋጋውንም ቀድመን እንነጋገራለን።

ሌሊት አስር ሰዓት እንነሳለን። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሐይቁ ጋ ደረስንም አልደረስን ወደ ኋላ! በዚህስ ሁሉም ተስማምቷል። ያልተስማማነው ነጭ ስኒከር አድርጌ ካልመጣሁ ከሚለው ልጅ ጋር ነው። ቦቲ የሚያውሰው ካለ ይደውልልኝ፤ የልጁ የጫማ ቁጥር 42 ነው።