የማይተኛ ሕፃን የት ይተኛ?

[ምስል፦ ደብረ ማርቆስ፣ ሌሊት። ደብዛዛ መብራት ያለበት ክፍል። ሕፃን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የምትንጎራደድ እናት።]

ተራኪ፦ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማንም ሰው ጥሩ ውሳኔ አይወስንም። ልጁ ደረት ላይ ሲሆን ዝም ይላል፤ ሲያስቀምጡት ይጮኻል። እናት ምን ታድርግ? እንዳቀፈችው ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች። «ላፍታ ልረፍ» ብላ ነው። ችግሩ ያቺ ላፍታ ናት። ከሕፃን ጋር ሶፋ ላይ እንቅልፍ መውሰድ በጣም አደገኛ ከሚባሉት አተኛኘቶች አንዱ ነው። ልጁ በእናቱ ገላና በመደገፊያው መሀል ይሸጎጣል። አፍና አፍንጫው ይታፈናል። የልጁን ጩኸት የለመደ ቤት ዝምታውን ልብ አይለውም።

ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። ልጁ የት ይተኛ? እናንተስ ድካም ሲጥላችሁ የት ላይ ትወድቃላችሁ? ሁለቱም በቀን ይወሰን።

[ምስል፦ ተኝቶ የሚወራጭ ሕፃን፣ ከቅርብ። የዓይኑ ቆብ ሥር የሚንቀሳቀሰው ዓይኑ ይታያል።]

ተራኪ፦ መጀመሪያ ግን ልጁ በእርግጥ ነቅቷል ወይ? አዲስ የተወለደ ሕፃን የእንቅልፉን ግማሽ ያህል የሚያሳልፈው እየተወራጨ ነው። ያቃስታል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ እጁን ይወረውራል፣ ፈገግ ይላል። «ማርያም እያጫወተችው ነው» የሚባለው ያኔ ነው። ቸኩላችሁ ካነሣችሁት የተኛ ልጅ ቀሰቀሳችሁ ማለት ነው። እጃችሁን ደረቱ ላይ ጣል አድርጋችሁ ትንሽ ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ተመልሶ እንቅልፍ ይወስደዋል።

እስከ 3 ወር ያለ ሕፃን በቀን ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል። ግን ተቆራርጦ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት፤ ሆዱ ትንሽ ነው። ለቅሶው ደግሞ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፤ ከ3 ወይም 4 ወር በኋላ ይረግባል። ይህቺን 6ኛ ሳምንት ያዙልኝ፤ በኋላ ላይ እንፈልጋታለን።

[ምስል፦ የጭቃ መደብ፣ ከጎኑ ጠፍር አልጋ፣ ከጎኑ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ።]

ተራኪ፦ ሕፃን የሚተኛበት ነገር ጠንከር ያለና ለጥ ያለ ይሁን። ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? ብዙ ሰው ስፖንጁን ይመርጣል። ለእናት ወገብ ይመች ይሆናል። ለልጁ ግን ወፍራምና የሚሰረጉድ ስፖንጅ አይሆንም፤ ፊቱ ከዞረ ይዋጣል። ጠፍሩ የላላ አልጋ መሀሉ ይጎደጉዳል፤ ልጁ ሳያስቡት እናቱ ሥር ይንከባለላል። የተናቀው መደብ ነው የሚያሸንፈው። ለጥ ያለ ነው፤ ከግድግዳው ጋር አብሮ ስለተሠራም ልጅ የሚሸጎጥበት ክፍተት የለውም። ብርዱን ለመከላከል ቀጭን ምንጣፍ ወጠር አድርጎ ማንጠፍ ይበቃል። ጠጉራም አጎዛ ግን ከፊቱ ሥር አይሁን።

ከሁሉ የሚሻለው የራሱ መኝታ ኖሮት ከእናቱ አልጋ አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ርቀት ቢተኛ ነው። ቢያንስ እስከ 6 ወር በአንድ ክፍል ውስጥ። ለዚህ የሕፃን አልጋ መግዛት የግድ አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ መንግሥት ከእ.ኤ.አ. 1938 ጀምሮ ለእናቶች የሕፃን ልብስ በካርቶን ይሰጣል፤ ካርቶኑ ሥር ቀጭን ፍራሽ አለ፤ ብዙ ልጅ እዚያው ውስጥ ተኝቶ አድጓል። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ደግሞ ከቃጫ መሰል ተክል ጠፍጣፋ የሕፃን መኝታ ሰፍተው ከወላጆቹ አልጋ ላይ ያስቀምጡታል። ዋሃኩራ ይሉታል። ልጁ ከእናቱ ጋር ነው፤ ግን የራሱ ወሰን አለው። የጎጃም ባለ ስፌቶች ይህንን ቢያዩ አንድ ሳምንት የሚፈጅባቸው አይመስለኝም።

[ምስል፦ ሕፃን በጀርባው ተኝቶ። በላዩ ላይ የአየር ቧንቧና የምግብ ቧንቧ በሥዕል ይታያል።]

ተራኪ፦ አሁን ወደ አማትና ምራት ክርክር እንግባ።

«በጎኑ አርጊው እንጅ ልጄ፣ ቢያስመልሰው ያንቀዋል!»
«እማዬ፣ ሐኪሟ በጀርባው ነው ያለችኝ።»
«ሐኪሟ ስንት ልጅ አሳድጋለች?»

እማዬ የሚፈሩት ነገር ምክንያት አልባ አይደለም። ግን ሥዕሉን እዩ። ልጁ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ነው። ያስመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ግን ይገለበጣል፤ የአየር ቧንቧው ከታች ይሆናል። በጎን ማስተኛትም አያዋጣም፤ ልጁ በቀላሉ ወደ ሆዱ ይደፋል።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 «ሕፃናትን በጀርባቸው አስተኙ» የሚል ዘመቻ ተጀመረ። በቀጣዮቹ ዓመታት በእንቅልፍ ላይ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚከሰተው የሕፃናት ድንገተኛ ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም። የተለወጠው በዋናነት አተኛኘቱ ነው።

[ምስል፦ ፊቱ ላይ ነጠላ የለበሰ ሕፃን። አንድ እጅ ነጠላውን ቀስ ብሎ ይገልጠዋል።]

ተራኪ፦ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ የጮቄ ተራራ ሥር መንደሮች ደግሞ ከዚያም ይበርዳሉ። ልጁ ቢሸፋፈን አይገርምም። ነገር ግን ቡሉኮና ወፍራም ብርድ ልብስ ለሕፃን ከባድ ነው፤ ፊቱ ላይ ከወጣ ገፍቶ አይጥለውም። ልብሱን ደራርቡለት። እናንተን ከሚበቃችሁ አንድ ድርብ ብትጨምሩለት ይበቃዋል። መሞቁን ለማወቅ እጁን አትንኩ፤ የሕፃን እጅ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ማጅራቱን ንኩ። ካላበው በዝቶበታል። ትራስ፣ አሻንጉሊት፣ የተጠቀለለ ጋቢ፣ ሁሉም ከመኝታው ይውጣ። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ግን ሙቀት አጠባበቁ ስለሚለይ የጤና ባለሙያዋ ያለቻችሁን ተከተሉ።

ፊቱን ደግሞ ለዓይን ብለን እንሸፍነዋለን። እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። ልጁ እንዲታይ ካልፈለጋችሁ እንግዳውን ከበር መልሱት እንጂ የልጁን አፍንጫ አትሸፍኑ።

አንቀልባውስ? ለሚነጫነጭ ልጅ አንደኛ ነው። ተሸክሞ መንጎራደድና እሹሩሩ ማለት ይሠራል። ሆኖም ጀርባ ላይ ያለውን ልጅ ፊት ማየት አይቻልም። አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይደፋ፣ ነጠላውም ፊቱ ላይ እንዳይወርድ ሌላ ሰው ይይላችሁ። እንቅልፍ ሲወስደው ወደ መኝታው አውርዱት። መጠቅለሉ ቢያረጋጋው ችግር የለውም፤ እግሩ ይላላ፣ በጀርባው ይሁን፤ ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር ጥቅለላው ይቁም።

[ምስል፦ በሩ የተዘጋ ክፍል፣ መሀሉ ላይ የከሰል ምድጃ። ጭስ አይታይም።]

ተራኪ፦ ይሄ ምስል ከሁሉም ያስፈራኛል። «ከሰሉ ጭሱ አልቋል፣ አሁን ፍም ብቻ ነው» ይባልና ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይሸትም፣ አይታይም። ሌሊቱን ከሰል ከተኛ ሰው ጋር አይደር። የሲጋራ ጭስም ከሕፃን ክፍል ይውጣ።

[ምስል፦ ክርስትና ያለበት ግቢ። ድንኳን፣ ጠላ፣ እንግዳ።]

ተራኪ፦ ያቺ 6ኛ ሳምንት እነሆ። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40ኛው ቀን ነው። ሴት ልጅ በ80ኛው። 40ኛው ቀን የለቅሶው ጫፍ አካባቢ ነው፤ 80ኛው ደግሞ የሕፃናት ድንገተኛ ሞት በብዛት በሚታይበት ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። በዚያ ሌሊት ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። አልጋው ለሽማግሌዎች ይለቀቃል። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ውሎ ማታ ያብዳል። አባት ጠላውንም አረቄውንም ቀምሷል። እናት ከጧት ጀምሮ አልተቀመጠችም። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ተጣብቆ ያድራል።

ጎጃም ውስጥ ብዙ እናት ከልጇ ጋር ነው የምትተኛው፤ ይህንን አውቀን እናውራ። አብሮ መተኛት ምንጊዜም የራሱ አደጋ አለው፤ በተለይ ልጁ 4 ወር ሳይሞላው። ጨርሶ የማይደረግበት ጊዜ ደግሞ አለ። ከእናትና ከአባት አንዱ መጠጥ ከቀመሰ፣ ሲጋራ ካጨሰ፣ የሚያስተኛ መድኃኒት ከወሰደ፣ ልጁ ያለጊዜው ከተወለደ ወይም ሲወለድ ከ2.5 ኪሎ በታች ከነበረ አብሮ አይተኛ። ታላቅ ወንድሙም ከጎኑ አይተኛ። በክርስትናው ቀን አንድ ያልጠጣ ሰው ይመረጥ፤ አክስት ትሁን አያት፣ ነቅታ ልጁን የምትይዝ። የልጁም መኝታ እንግዳ ሳይገባ ጥግ ይያዝለት። ድግሱን ስታቅዱ አብራችሁ አቅዱት።

[ምስል፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሕፃን ስትመረምር።]

ተራኪ፦ ሁሉም መነጫነጭ የእንቅልፍ ነገር አይደለም። ገና 2 ወር ያልሞላው ሕፃን አልጠባ ካለ፣ ሙቀቱ 37.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ገላው ከቀዘቀዘ፣ ተረጋግቶ ሳለ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ድንገት ዝልፍልፍ ካለ ንጋትን አትጠብቁ። ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እንዲተኛ ብላችሁም ማስታገሻ ሽሮፕ አትስጡት።

[ምስል፦ በጀርባው የተኛ ሕፃን ራሱን ችሎ ሲገለበጥ።]

ተራኪ፦ አንድ ጥያቄ ሁሌ ይመጣል፦ «ራሱ በሆዱ ቢገለበጥስ?» ከጀርባ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ጀርባ በራሱ መዞር ከቻለ በመረጠው ይተኛ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲመልሱት ማደር አያስፈልግም። ስታስተኙት ግን እስከ 1 ዓመቱ ድረስ በጀርባው ይሁን። መኝታውም ባዶ።