ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ስጡን
የማኅበራችን ሰብሳቢ በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያሰሙት የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ ያስተማራችሁን ታላላቆቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን፣ ከማለዳ ጀምሮ ወንበር ለደረደሩ ወጣቶች፣ ቡናውን ላፈሉልን እኅቶች ምስጋናዬ ከልብ ነው። የዓመቱ ሥራ በጽሑፍ ታድሏችኋል። የቡድን ዐውደ ርእዩ ተካሂዷል፤ የታመሙ አባላት ተጠይቀዋል፤ መዋጮው ከአምናው በተሻለ ገብቷል። በዚህ ኮርቻለሁ። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያቀርባሉ።

እኔ ጊዜያችሁን የምወስደው ስለ ፖድካስታችን፣ የጥበብ ባለሙያዎችን በድምፅ ቀርጸን ስለምናሠራጨው ፕሮግራም፣ ለመናገር ነው።

አምና በዚሁ ጉባኤ ፖድካስቱ ይጀመር ብለን እጅ አውጥተን ስንወስን ምክንያታችን ግልጽ ነበር። የአገር ፍቅር ቴአትር ከተመሠረተ ከ1927 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም በ1950 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ በዚህች ከተማ፣ በአዲስ አበባ፣ ስንት ባለሙያ ሠርቶ አለፈ! ሥዕሉ በየግድግዳው ቀርቷል፤ እንዴት እንደተሠራ የሚናገረው ድምፅ ግን ከባለቤቱ ጋር ሄዷል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ፣ በማግሥቱ ዓመት ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ እዚያ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በየዳርቻው ተበተኑ። የት እንደነበሩ፣ ከማን ጎን እንደነበሩ፣ ማን ምን ይገዛቸው እንደነበር ሊነግሩን የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ሠዓሊውን፣ የሽሮ ሜዳውን ሸማኔ፣ አዝማሪውን፣ የታፔላ ጸሐፊውን፣ አኒሜሽን የሚሠራውን ወጣት፣ ሁሉንም እንቀርጻለን ያልነው ለዚህ ነው። «የታፔላ ጸሐፊ ከሠዓሊ ጋር አይቆጠርም» የሚለው ክርክር በዚያው ዕለት ተዘግቷል፤ ዛሬ አልከፍተውም።

ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እንግዳ ሆኜ ልቅረብ የሚለው አባል ብዙ ነው። አቅራቢ ሆኖ የሚጠይቅ፣ ቀድሞ ሄዶ የሚያጠና፣ ተቀምጦ ኤዲት የሚያደርግ ግን ጠፋ። በአቅራቢነት ተመዝግበው ቀረጻው ሲደርስ ስልክ የማያነሱ አባላት አሉ፤ ዛሬም እዚህ የሉም። የምታገኟቸው ይህን አድርሱልኝ፦ የቀጠሯቸው አንጋፋ እንግዳ ለብሰው፣ ሥራቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጠብቀዋል። ይህ ያሳዝናል።

የሚሰጠው ምክንያት ስቱዲዮና ካሜራ የለንም የሚል ነው። የሚያስፈልገን መሣሪያ በማኅበሩ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፦ ሁለት ዳይናሚክ ማይክሮፎን ከነመቆሚያው፣ ሁለት ገመድ፣ በባትሪ የሚሠራ መቅረጫ፣ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ። ኮንደንሰር የሚባለው፣ ትንሹን ድምፅ ሁሉ የሚይዘው ማይክሮፎን ይገዛ የሚለውን ሐሳብ ያልተቀበልነው ኮንደንሰር ድምፅ ለታፈነበት ክፍል ስለሚሆን ነው፤ በእኛ ሰፈር የጎረቤቱን ጄኔሬተርና የመኪናውን ጥሩምባ አንድ ሳያስቀር ይሰበስባል። ዳይናሚኩ በደንብ የሚይዘው ፊቱ ያለውን ነው፤ ስለዚህ ቅርብ ይሁን፤ ከአፍ ከአራት ጣት እስከ አንድ ስንዝር። ወደ ጎን ዘንበል አድርጉት፤ «ፐ» እና «ፈ» ሲነገሩ የሚወጣው ትንፋሽ እንዳይመታው። እንግዳው ጨዋታው ሲጥመው ወደ ኋላ ይደገፋል፣ ድምፁም አብሮ ይርቃል። መቆሚያውን ማስጠጋት የአቅራቢው ሥራ ነው።

የድምፁ መለኪያ በተራ ንግግር ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። ልካችሁን የምታስተካክሉት ግን እንግዳው ሲስቅ ነው፤ በሳቅ ጊዜ ዜሮን ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ደግሞ ኋላ አይጠገንም። የገደል ማሚቶም እንዲሁ ነው። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ያምራል፤ ለቀረጻ ግን መኝታ ቤት ይሻላል፤ ፍራሹ፣ መጋረጃውና የተሰቀለው ልብስ ድምፁን ይውጠዋል። የምትቀርጹበት የእንግዳው የሥራ ቦታ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ከሆነ በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ቅረጹ፤ የአዲስ አበባ ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው። ፍሪጁን ንቀሉና የራሳችሁን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጡ፤ መልሳችሁ ሳትሰኩ አትወጡም። ሶኬቱ ኧርዝ (የመሬት መስመር) ከሌለው ቻርጀር ላይ የተሰካ ላፕቶፕ «እምም» የሚል ድምፅ ያስገባል፤ በባትሪ ሥሩ። ስልኮች ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁኑ። ንግግሩ ሲያልቅ ማንም ሳይናገር 30 ሰከንድ የክፍሉን ጸጥታ ቅረጹ፤ ኤዲተሩ የተቆረጠበትን ቦታ የሚሸፍነው በእሱ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይለመዳል። አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ አቅራቢነት።

አቅራቢ ከቀረጻው በፊት እንግዳው የሚሠራበት ቦታ መሄድ አለበት። «ስለ ራስዎ ይንገሩን» ጥያቄ አይደለም፤ ሰው ሲጨንቀው የሚናገረውን የሕይወት ታሪክ ብቻ ነው የሚያመጣው። መጀመሪያ የሸጡት ሥራ ምን ነበር? ስንት ተሸጠ? ሸራውን ከየት ገዙ? ጥለቱን ለመጣል ስንት ቀን ይፈጃል፤ ክሩ ሲወደድ ከምኑ ይቀንሳሉ? እንዲህ ሲጠየቅ ሸማኔው ይናገራል። ዓመተ ምሕረት ሲጠራ የእኛ ይሁን የፈረንጅ እዚያው አጣሩ፤ ውጭ አገር ሆኖ የሚሰማን ወገን ይምታታበታል። «ከድሮው ሲኒማ ፊት ለፊት» ሲባል የትኛው፣ በየትኛው መንገድ በኩል ብላችሁ ጠይቁ፤ ቦታው ዛሬ የለም። እንግዳው በጣቱ እያመለከተ «ይኼኛው» ሲል ደግሞ ሰሚው አያይም፤ ቁመቱን፣ ቀለሙን፣ በምን እንደተሠራ አስነግሩት።

አንቱታውን ቀድማችሁ ወስኑ። አንጋፋውን በ«እርስዎ» ጀምሮ መሐል ላይ «አንተ» ማለት ሰሚውን ያስቀይማል፤ ሁለት እንግዶች አብረው ሲቀርቡ አንዱን አክብሮ ሌላውን ማቅለልም እንዲሁ። ሌላው የሁላችንም ልማድ ነው፦ ሰው ሲያወራ ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየሳብን «አዎ» እንላለን። ፊት ለፊት ትሕትና ነው፤ በማይክ ግን በየዐረፍተ ነገሩ የሚገባ ድንጋጤ ይመስላል። ራሳችሁን ነቅንቁ፣ ዓይን ዓይናቸውን እዩ። እንግዳው ዝም ሲልም ቶሎ አትሙሉለት፤ ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዋናው ነው።

ስለ መብት አጭር ነገር ልበል። የሰው ዘፈን ለመግቢያ አንጠቀምም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 አሉ፤ ማኅበራችን ደግሞ የባለመብቶች ማኅበር ነው። ከመካከላችን ክራር የሚጫወት 20 ሰከንድ ይጫወትልን፤ በጽሑፍ እንዋዋል፤ ይከፈለው። እንግዳውም ድምፁ እንዲሠራጭ መፍቀዱን ከቀረጻው በፊት ይፈርም፤ አንድ ገጽ ይበቃል።

የአንድ ሰዓት ቀረጻ በ48 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት ጥራት ለሁለት ማይክ 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ በሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ካርዱ ላይ ያለው አይሰረዝም። ለሥርጭት ግን 40 ደቂቃው በሞኖ (ባለ አንድ የድምፅ መስመር) ኤምፒ3፣ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ሲወጣ 19 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በቴሌግራም ለሚያወርድና ዳታ ለሚቆጥብ ሰው የሚቻል ነው። ምስል ይጨመር የምትሉት ይህን አስቡልኝ፤ ቪዲዮው መቅረቱ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የቀረበው ሁሉ ጥቂት ቢሆንም ጥሩ ነው፤ ሠርተው ያወጡትን ወጣቶች በፊታችሁ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ያው ሰው እየጠየቀ፣ ያው ሰው እያስተካከለ፣ ያው ሰው ሌሊት እየጫነ ሊቀጥል አይችልም። ደክመዋል፤ ሁለቱ እንደሚያቆሙ ነግረውኛል። እናንተ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሙያው የቆያችሁ፣ አንጋፋን ለመጠየቅ ከእናንተ የተሻለ ማን አለ? ሸራው ላይ ያለው ቀለም ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ቀለሙ መቼ እንደጠፋ ታውቃላችሁ። ወጣቱ ማይኩን ይያዝ፤ እናንተ ጠይቁ።

መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነው። በአንደኛው ዓምድ ጠያቂ፣ በሁለተኛው ቀራጭ፣ በሦስተኛው ኤዲተር ይጻፋል። እንግዳ የሚል ዓምድ ሆን ብለን አላስገባንም፤ እንግዳ የሚሆነው አስቀድሞ የሌላ ሰው አንድ ክፍል ያቀረበ ወይም ኤዲት ያደረገ አባል ነው። ሥራ አስፈጻሚው ይህን ለጉባኤው ውሳኔ አቅርቧል፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን። ላልመጡት በወኪል አይመዘገብም፤ ራሳቸው መጥተው ይፈርሙ።

አሁን ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሪፖርቱን እንዲያቀርቡ እጋብዛለሁ።