«ጉልበት ሲናገር ስሙት»፦ ስለ ሲሪል ጊማር የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛና የቡድን መሪ ሲሪል ጊማር ካወራን በኋላ ስልኩ አላርፍ ብሎን ነበር። የብስክሌት አሰልጣኙ እንግዳችን የሰጡትን መልስ እነሆ።

ጊማር ራሱ ቱር ደ ፍራንስን አሸንፏል? (ከአዲስ አበባ)

ሦስት ሳምንት የሚፈጀውን ይህን የፈረንሳይ ውድድር አላሸነፈም። በመሪነቱ ግን ሰባት ጊዜ አሸናፊ አውጥቷል፤ ሉሲየን ቫን ኢምፕን አንዴ በ1976፣ በርናር ኢኖን አራቴ፣ ሎረን ፊኞንን ሁለቴ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በየሳምንቱ «በእኛ ነው በእነሱ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም።

ጉልበቴን ያመኛል። ውድድር ሲደርስ ዲክሎፌናክ እወጋና እጋልባለሁ። ጊማርም በ1972 እያመመው ነው የተወዳደረው ብላችኋል። ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ? (ከመቀሌ)

ልጄ፣ ጊማርን ምሳሌ ካደረግከው ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስማው። በዚያ ዓመት ከቤልጂጉ ሻምፒዮን ከኤዲ መርክስ ጋር ተናንቆ አራት የዕለት ውድድር አሸንፏል፤ በጠቅላላ ሰዓት የሚመራው የሚለብሰውን ቢጫ ማሊያም ለብሷል። ሞን ርቫር ተራራ ላይ መርክስ አሸነፍኩ ብሎ እጁን ሲያነሳ፣ ጊማር መስመሩ ላይ ጎማውን አሾልኮ ቀደመው። ጉልበቱ ግን በሕመም አልቆ ነበር። ፓሪስ ለመግባት ሁለት ቀን ሲቀር፣ ሁለተኛ ሆኖ፣ በነጥብ የሚመራው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ እንደለበሰ ከብስክሌቱ ወርዶ ውድድሩን አቋረጠ። መርክስ በኋላ አረንጓዴውን ማሊያ አሳልፎ ሰጠው። ማሊያ ይሰጣል፣ ጉልበት የሚሰጥ ግን የለም። ጊማር ከዚያ ወዲህ ለቢጫው እንደዚያ ሲታገል አልታየም፤ በ29 ዓመቱ ብስክሌቱን ትቶ የቡድን መሪ ሆነ።

አሁን ወደ መርፌው። መርፌው ሕመሙን ነው የሚያስተኛው፤ የተጎዳው ጅማት እንደተጎዳ ነው። የዘይት መብራቷን በፕላስተር ሸፍኖ የሚነዳ የታክሲ ሹፌር አይተህ ታውቃለህ? አንተ እሱን ሆነሃል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ሲደጋገም ጨጓራን ያቆስላል፤ ውሃ ሳትጠጣ በላብ ደርቀህ ስትወጋው ደግሞ ኩላሊትህን ነው የምትነካው። ጓደኛህ «እኔ ወስጄው ምንም አልሆንኩም» ካለህ፣ ጓደኛህ ሐኪም አይደለም። እኔም በወጣትነቴ የጓደኛ ምክር ሰምቼ ይኸው ዛሬ ደረጃ የምወርደው ጎን ለጎን ነው፣ እንደ ሸርጣን።

መጀመሪያ ኮርቻህን እይ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ወደ ታች ስታወርደው እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ካላለ ኮርቻህ ዝቅ ብሏል፤ በየዙሩ የጉልበትህን ሎሚ እየጨመቅከው ነው። ቀጥሎ ማርሽህ። ዳገት ላይ ከባዱን ማርሽ ይዞ መንጠራራት ጀግንነት የሚመስላችሁ አላችሁ። አቅልለህ ቶሎ ቶሎ አሽከርክር። አማርኛችን ጉልበትንና አቅምን በአንድ ቃል የጠራው ያለ ነገር አይደለም፤ ሲናገር ስሙት። አሁን ዕረፍ፤ በሳምንት ካልተሻለህ ፊዚዮቴራፒስት ያይህ።

ልጄ ብስክሌት ይሠለጥናል። «አመመኝ» ሲል አሰልጣኙ ሰነፍ ይለዋል። ምን ላድርግ? (አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር)

እናቴ፣ ለአሰልጣኙ የኢኖን ነገር ይንገሩልኝ። በ1980 ኢኖ ቢጫውን ማሊያ ለብሶ ሳለ ጉልበቱን አመመውና ፖ ከተማ ላይ በሌሊት ውድድሩን ጥሎ ወጣ። በቱሩ እየመራ! ጋዜጠኞቹ ጉድ አሉ። በዚያው ነሐሴ መጨረሻ ሳላንሽ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ቱሩንም በ1981 እና በ1982 መልሶ ወሰደ። የቡድኑ መሪ ማን ነበር? ያው ጊማር፣ ከስምንት ዓመት በፊት ራሱ ጉልበቱን አሞት የወረደው ሰው። ልጅዎ ኢኖ ባይሆንም ጉልበቱ እንደ ኢኖ ጉልበት ሥጋና ጅማት ነው። አሰልጣኙ አልሰማም ካለ ልጁን ያሳርፉት፤ እኔ ፈቀድኩ።

በ1989 ቱር ደ ፍራንስ ፊኞን በ8 ሰከንድ የተሸነፈው በጊማር ጥፋት ነው? (ከአዳማ)

ከፊሉን አዎ እላለሁ፤ ያኔም የፊኞን ቡድን መሪ ጊማር ነበር። የመጨረሻው ቀን ከቬርሳይ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ፊኞን በ50 ሰከንድ እየመራ ገባ፣ በዚያ ቀን ብቻ 58 ሰከንድ ተበለጠ። ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ሌመንድ ክንዱን የሚያሳርፍበት ወደ ፊት የተዘረጋ የብስክሌት መሪ ገጥሞ፣ ነፋስ የሚሰነጥቅ ሄልሜት አድርጎ መጣ። ፊኞን ፀጉሩን ከኋላ አስሮ ያለ ሄልሜት። የሚገርመው ሌመንድን ወደ አውሮፓ ያመጣው ራሱ ጊማር መሆኑ ነው።

ግን ፊኞን መቀመጫው ላይ ቁስል ወጥቶበት በቅጡ መቀመጥ አቅቶት እንደነበር አይረሳ። እናንተም ስለምታፍሩ አትጠይቁኝም እንጂ ብዙዎቻችሁ አለባችሁ። በብስክሌት ቁምጣ ውስጥ ሌላ ሱሪ አይለበስም። ቁምጣው በየቀኑ ይታጠብ። መግል ከያዘ እንዳታፈነዱት፤ ሐኪም ይየው። ሐኪሙ ከዚህ የባሰ አይቷል።

ኢትዮጵያዊ በቱር ደ ፍራንስ ተወዳድሯል? (ከሀዋሳ)

ጽጋቡ ግርማይ፣ በ2016፣ የመጀመሪያው። በ2024 አረንጓዴውን ያሸነፈው ቢንያም ግርማይ ኤርትራዊ ነው፤ ስማቸው ተመሳስሎባችሁ አታምታቱ።

52 ዓመቴ ነው። ጉልበቴ አብጧል፣ ማታ ማታ ይሞቃል። ብስክሌት ብነዳ ይሻለኛል? (ከደሴ)

እህቴ፣ ያበጠ ጉልበት በስልክ አይታይም። ብስክሌቱ ይቆይ፤ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይሂዱ።