ከምንጭ እስከ ሲኒ፦ ጀርም በየት በኩል ይገባል?

[ምስል፦ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር፣ ማለዳ። ቢጫ ጀሪካኖች ምንጭ ሥር ተደርድረዋል።]

ይህ ውሃ ኩልል ያለ ነው፤ ሽታም የለውም። ጠራ ማለት ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም። ዓይናችን ጭቃውንና ገለባውን እንጂ ባክቴሪያውን አያይም። ማስመሪያ ላይ ያለችው ትንሿ ክፍተት፣ 1 ሚሊ ሜትር፣ 1,000 ማይክሮ ሜትር ናት። ኮሌራ የሚያመጣው ባክቴሪያ ርዝመቱ ከ1 እስከ 3 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ በዚያች ክፍተት ውስጥ ወደ 500 ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ይደረደራል። ቫይረስ ከዚህም በብዙ እጥፍ ያንሳል።

ከትንሽነታቸው ይልቅ የሚያስፈራው አበዛዛቸው ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሙቀትና ምግብ ከተመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። ማታ 2 ሰዓት ላይ በተረፈ ወጥ ውስጥ አንድ ብቻ ቢገባ፣ በዚሁ ፍጥነት ከቀጠለ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከ16 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። የደሴ ብርድ ያዘገየዋል፤ የባቲ ሙቀት ያፋጥነዋል። ያደረ ምግብ እስኪፍለቀለቅ ይሞቅ የምንለው ለዚህ ነው፤ ለብ ማድረግ ባክቴሪያውን ማድለብ ነው።

ቫይረስ ግን ወጥ ውስጥ አይራባም። የሚራባው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ብቻ ነው። ባክቴሪያን የሚገድል አንቲባዮቲክም አይነካውም፤ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን መዋጥ ምንም አይፈይድም።

[ምስል፦ ከመጸዳጃ እስከ አፍ የሚሄድ መስመር፤ በእጅ፣ በዝንብ፣ በውሃ፣ በምግብ በኩል።]

እያንዳንዱ ተላላፊ በሽታ የራሱ መንገድ አለው። የኮሌራ መንገድ ከሰገራ ወደ አፍ ነው። ባክቴሪያው በውሃ ሲዋጥ የጨጓራ አሲድ አብዛኛውን ስለሚፈጀው፣ ጤነኛ ሰው እስኪታመም ብዙ ሚሊዮን ያህል መዋጥ አለበት። በምግብ ተሸፍኖ ሲገባ ግን በጣም ያነሰ ይበቃዋል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ደግሞ ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ይበቃዋል። ይህ በጥፍር ሥር ከሚቀር እድፍ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለሺጌላ ዋናው መከላከያ ሳሙና ነው፤ ከመጸዳጃ በኋላ፣ ሕፃን ካጸዳችሁ በኋላ፣ እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት። በውሃ ብቻ መለቅለቅ አይበቃም፤ ጀርሙን ከቆዳው የያዘውን ቅባት የሚያስለቅቀው ሳሙናው ነው።

አሁን ወደ ጀሪካኑ እንመለስ። ብዙ ጊዜ ምንጩ ደህና ሆኖ ውሃው የሚበከለው ቤት ውስጥ ነው። ከእንስራው በጣሳ ሲቀዳ የቀጂው ጣቶች ውሃው ውስጥ ይገባሉ፤ ጣሳው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ልጅ አንስቶ ይደግማል። ከአፈ ሰፊ ዕቃ አፈ ጠባብ ጀሪካን ይሻላል፤ አጋድሞ መቅዳት እንጂ እጅ ማስገባት አይቻልምና። እንስራው የግድ ከሆነ ክዳንና እጀታው ረጅም የሆነ ጭልፋ ይኑረው፤ ጭልፋው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ጀሪካኑ ውስጡ የሚያሟልጭ ከሆነ ባክቴሪያ ተጣብቆበታል፤ ሳሙና፣ ጥቂት ውሃና አንድ እፍኝ ጠጠር ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁት፣ ከዚያ ደጋግማችሁ አለቅልቁት።

ውሃ ማፍላት ከሁሉም የታመነ ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ሊታሰብ ይገባል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ጀርሙን ይገድላል፤ ግን ጊዜ ጨምሩለት። ከ2,000 ሜትር በላይ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ፣ እንደ ኮምቦልቻ ዝቅ ባለ ቦታ 1 ደቂቃ ይቆይ። ክዳኑን ሳትከፍቱ አቀዝቅዙት።

ማገዶ ካጠረ ክሎሪን አለ። ለውሃ ማከሚያ የሚሸጠውን በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ተጠቀሙ። ሌላ ከሌለ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 40 ጠብታ ገደማ፣ ጨምራችሁ ነቅንቁና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ስትከፍቱት ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ከሌለ መጠኑ አንሷል፤ አንድ ጊዜ ድገሙት። የደፈረሰ ውሃ ላይ ክሎሪን የሚከሽፈው ጭቃው ስለሚበላው ነው፤ መጀመሪያ አስቀምጡት፣ ይዝቀጥ፣ በንጹህ ነጠላ አጥልሉት። የጃርዲያና የአሜባ እንቁላል መሰል ሽፋን ግን ክሎሪንን ይቋቋማል፤ እነዚህ ለሚመላለሱበት ቤት ማፍላት ይመረጣል።

[ምስል፦ ረከቦት፣ ጀበና፣ ሲኒዎች፤ ካሜራው ወደ መለቅለቂያው ሳህን ይጠጋል።]

ወሎ ቤት ቡና ያለ ጎረቤት አይፈላም። ጀበናው ውስጥ ያለው ፈልቷል፤ እርሱ አያሰጋም። ቀዳዳው ያለው እዚህ ሳህን ላይ ነው። ከአቦል እስከ በረካ የአሥር ሰው ሲኒ በአንድ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፣ በአንድ ጨርቅ ይታበሳል። የአንዱ አፍ የነካው ለሁሉም ይደርሳል። ሲኒውን ሳህን ውስጥ ከመንከር ይልቅ የፈላ ውሃ ከማንቆርቆሪያ እያፈሰሳችሁበት እጠቡት፣ ተደፍቶ ይንጠፍጠፍ፤ ጨርቁ ይቅር።

ኮሌራ ሰፈር ውስጥ ከገባ ቅሬው፣ ማለትም እድሩ፣ ትልቅ ድርሻ አለው። በኮሌራ የሞተ ሰው አስከሬን በባክቴሪያ የተሞላ ፈሳሽ ያወጣል። ያጠበው ወይም የገነዘው ሰው በዚያው እጁ ለለቅሶ የመጣውን ምግብ ቢያቀርብ፣ በሽታው በአንድ ቀን ወደ ብዙ ቀበሌ ይሄዳል። አጠባው የጤና ባለሙያ ባለበት፣ በጓንትና በክሎሪን ይከናወን፤ ያጠቡት ሰዎች ምግብ አይንኩ።

የታመመውን የሚገድለው የውሃ እጥረት ነው። ክፉኛ የያዘው አዋቂ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊያፈስ ይችላል። የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካውን ዱቄት፣ ኦ.አር.ኤስ.ን፣ አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጡ፤ በትንሽ ውሃ ከበጠበጣችሁት ጨውነቱ ይበዛና ተቅማጡን ያባብሳል። ከረጢት ከሌለ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ለ1 ሊትር። ካስታወከው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በትንሽ በትንሹ ቀጥሉ። ወደ ጤና ጣቢያ በምትሄዱበት መንገድም ማጠጣታችሁን አታቁሙ።

[ምስል፦ የደጋ ቤት፣ ቡልኮ፣ የጋቢ ስፌት በቅርበት።]

ወደ ደላንታና ወረኢሉ ደጋ ስንወጣ ሌላ መንገድ እናገኛለን፤ የልብስ ቅማልን። ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት የሚያመጣው ባክቴሪያ በቅማሏ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ይኖራል። ወደ ሰው የሚገባው በዋናነት ስትነክስ ሳይሆን ስትጨፈለቅ ነው፤ ፈሳሿ በተቧጨረ ቆዳ ወይም ዓይን በታሸበት ጣት በኩል ያልፋል። ስለዚህ ቅማልን በጥፍር መግደል በሽታውን በእጅ መክፈት ነው። ሰውነቱ የጋለ ሰው ላይም ቅማል አትቆይም፤ ለብ ወዳለው ጎረቤት ትሻገራለች። ልብሱን በተለይ ስፌቱን ቀቅሉት፤ ቅጫሙ ያለው እዚያ ነው። ሕክምናውን ቤት ውስጥ አትሞክሩ፤ ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኃይለኛ ብርድ ብርድ ማለትና የደም ግፊት መውረድ ሊመጣ ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው መንገድ ትንፋሽ ነው። በ1911 ዓ.ም. የሕዳር በሽታ አገር ሲፈጅ ሰው ቆሻሻ አጠነ፤ ዛሬም ሕዳር 12 ይታጠናል። በሽታው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ከሰው ወደ ሰው የሚያልፈው በሳልና በትንፋሽ ስለሆነ ጭስ አያቆመውም። የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ደግሞ በተዘጋ ቤት አየር ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋል፤ የደጋው ብርድም መስኮት ያዘጋል። የሚሳል ሰው ያለበት ቤት በትይዩ ግድግዳ ሁለት ክፍተት ይኑረው፣ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። የሚከፈቱትም ጠያቂ ተቀምጦ ሳለ ነው፤ ከሄደ በኋላ ቢከፈቱ ጠያቂው ጀርም ያለበትን አየር አስቀድሞ ስቦታል።